ከፓወርፖይንት ወደ ኢምፕሬስ፦ የስላይድ አብነት በመንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል?

የፊዚክስ መምህር ስለ ስላይድ አብነት ሲጽፍ ማየት ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ምክንያቱ አንድ የመመረቂያ ጥናት ግምገማ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቻችን ጥናታቸውን ሁሉ በአንድ ዓይነት መልክ እንዲያቀርቡ ተብሎ አብነት፣ በተለምዶ አጠራሩ «ቴምፕሌት»፣ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። በፓወርፖይንት አሳምሬ ሠራሁትና በፍላሽ እያስገለበጥኩ አከፋፈልኩ። በግምገማው ዕለት አንዲት ተማሪ ስለ ፀሐይ ሴል የሠራችውን ጥናት ልታቀርብ ቆመች። የመጀመሪያው ስላይድ ሲበራ ርዕሱ በአርማው ላይ ተደርቦ ታየ። የአማርኛው አጽሕሮተ ጥናት የመጨረሻ ሁለት መስመሮች ከስላይዱ በታች ወርደው ጠፍተዋል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ «ይህ ጥድፊያ ነው» ብለው ለአቀራረብ ጥራት ከተመደበው ነጥብ ላይ ቀነሱባት።

ልጅቷ ግን ሌሊቱን ስታስተካክል ነበር ያደረችው። በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ሊብሬኦፊስ ነው፤ በአዳራሹ ያለው ደግሞ ማይክሮሶፍት ኦፊስ። በቤቷ መስመር የያዘው በአዳራሹ ተመልሶ ፈረሰ። ከግምገማው በኋላ ፋይሏን ከእኔ አብነት ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ስመረምር ስሕተቱ የእርሷ ሳይሆን የእኔ መሆኑን አወቅሁ። ነጥቧ በኋላ ተስተካከለ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት የደረሰባትን መሸማቀቅ የሚያስተካክል ቃለ ጉባኤ ግን የለም። ያን ዕለት ያልገባኝን ነገር ከዚያ ወዲህ በመጠኑ ተምሬዋለሁና እነሆ ላካፍላችሁ።

ፋይሉ የያዘው ምንድን ነው?

አብነት የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ስንል ተማሪው የመምህሩን ድምፅና አካሄድ እየተከተለ የሚማርበትን ማለታችን ነው። የስላይድ አብነትም ተከታዮቹ ስላይዶች ሁሉ የሚመስሉት አርአያ ነው። ርዕስ ከየት ይጀምራል? በምን መጠን ይጻፋል? ቀለሙ ምን ይሁን? አርማው የት ይቀመጥ? ለሚሉት ጥያቄዎች አንድ ጊዜ መልስ ሰጥቶ ያስቀምጣል።

ብዙዎቻችን ይህ ፋይል እንደ ፎቶግራፍ መልክን የያዘ ይመስለናል። በውስጡ ያለው ግን ትእዛዝ ነው። መልኩ የሚፈጠረው ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር፣ በከፈተው ሶፍትዌር አማካይነት፣ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ በሚገኙት ፎንቶች ነው። አንዱን ቃል የቤተ ልሔምና የአጫብር መሪጌቶች እንደየቤታቸው ዜማ ያዜሙታል፤ ቃሉ አልተለወጠም፣ ጆሯችን የሚሰማው ግን ይለያያል። ፓወርፖይንትና ኢምፕሬስም እንዲሁ ሁለት «ቤቶች» ናቸው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የሁለቱ ቤቶች አመጣጥ የተለያየ ነው። ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ፎርቶት በተባለ አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር የተዘጋጀ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ኩባንያውን በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ለረጅም ዘመን ፋይሎቹ «ፒፒቲ» በሚል ቅጥያ፣ ሰው ሊያነበው በማይችል የሁለትዮሽ ቅርጽ ይቀመጡ ነበር። ማይክሮሶፍት የዚህን ቅርጽ ዝርዝር ማንም በነፃ እንዲያነበው የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ሌሎች የሶፍትዌር ሠሪዎች ፋይሉን እየለዋወጡና ውጤቱን እየተመለከቱ ትርጉሙን መገመት ነበረባቸው፤ ልክ እኛ በላቦራቶሪ እንደምናደርገው።

ኢምፕሬስ ደግሞ በጀርመኑ ስታር ዲቪዥን ከተጀመረው ስታርኦፊስ የመጣ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ገዝቶ በ2000 ምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ፤ ከዚያ ኦፕንኦፊስ ተወለደ፤ ሊብሬኦፊስም በ2010 ከኦፕንኦፊስ ተገንጥሎ ወጣ። የዚህ ወገን የፋይል ቅርጽ፣ ኦፕን ዶክዩመንት፣ በ2006 አይኤስኦ 26300 ተብሎ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ። የማይክሮሶፍቱ ኦፊስ ኦፕን ኤክስኤምኤል ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አይኤስኦ 29500 የሚለውን ቁጥር አገኘ። ለመጽደቅ ሲቀርብ ሰነዱ 6000 ገጽ ያህል ነበረው። እንግዲህ ለአንድ ሥራ ሁለት ዓለም አቀፍ መለኪያ አለን ማለት ነው። ሜትርንና ኢንችን አቻችሎ መኖር የለመደ ሰው አይደንቀው ይሆናል።

አንድ ቀላል ሙከራ

እስቲ አሁን ኮምፒዩተራችሁ አጠገብ ሆናችሁ ይህን ሞክሩ። አንድ «ፒፒቲኤክስ» ፋይል ወስዳችሁ ቅጂ አውጡለት፤ ዋናውን እንዳትነኩ። የቅጂውን ቅጥያ ወደ «ዚፕ» ለውጡና ክፈቱት። ስላይድ ሳይሆን ፎልደሮችን ታያላችሁ። ከ2007 ኦፊስ ወዲህ የፓወርፖይንት ፋይል በእርግጥም የዚፕ ጥቅል ነው። የጥቅሉን የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች በፊደል ብታነቡ «ፒ» እና «ኬ» ይሏችኋል፤ የዚፕን ቅርጽ የነደፈው ፊል ካትዝ የስሙን መነሻ ፊደላት በዓለም ላይ ባለ ዚፕ ፋይል ሁሉ ራስ ላይ ትቶ ሄዷል።

በውስጡ አንዱ ፎልደር ስላይዶቹን፣ ሌላው ሥዕሎቹን፣ ሌላው «ማስተር» የሚባለውን ዋናውን ስላይድ፣ ሌላው «ሌይአውት» የሚባሉትን የአቀማመጥ ዓይነቶች፣ ሌላው ደግሞ «ቲም» የሚባለውን የቀለምና የፎንት ምርጫ ይዟል። ከሥዕሎቹ በቀር ሁሉም በኤክስኤምኤል የተጻፉ ናቸው፤ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይነበባሉ። የኢምፕሬስን «ኦዲፒ» ፋይልም በዚሁ መንገድ መክፈት ትችላላችሁ፤ እርሱም ዚፕ ነው። ነገር ግን አከፋፈሉ ይለያል፤ የስላይዶቹ ይዘት በአንድ ፋይል፣ ዋና ስላይዶቹና ስታይሎቹ በሌላ ፋይል ተጠቃለው ይገኛሉ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «የአብነት ፋይል ከተራ የስላይድ ፋይል በምን ይለያል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ያሳዝናል፤ በጥቅሉ ውስጥ ባለ አንዲት የማንነት መግለጫ ቃል ብቻ። በዚያች ስፍራ «ይህ አብነት ነው» የሚል ከተጻፈ ሶፍትዌሩ ዋናውን ሳይነካ አዲስ ቅጂ ይከፍትላችኋል። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ የእኔ አብነት የፈረሰው አብነት ስለሆነ አይደለም፤ ማንኛውም ስላይድ የሚፈርስበት ምክንያት እርሱንም አግኝቶት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ፦ መለኪያው

የፊዚክስ ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት አሃዱን ነው። በፓወርፖይንት ፋይል ውስጥ ርዝመት የሚለካው እንግዳ በሆነ አሃድ ነው፤ አንድ ኢንች 914,400፣ አንድ ሴንቲሜትር 360,000፣ በሕትመት ሙያ የሚታወቀው አንድ «ፖይንት» ደግሞ 12,700 ይሆናል። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። 360,000ን በ2.54 ብታባዙ 914,400 ታገኛላችሁ፤ 12,700ን በ72 ብታባዙም እንዲሁ። ኢንቹም፣ ሴንቲሜትሩም፣ ፖይንቱም ያለ አስርዮሽ ክፍልፋይ በሙሉ ቁጥር እንዲጻፉ የታሰበበት ብልሃት ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሳይ ሠሪዎቹን አመስግኛለሁ።

ኢምፕሬስ ግን በውስጡ የሚሠራው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። አንድ የሚሊሜትር መቶኛ 360 የፓወርፖይንት አሃድ ይይዛል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቁጥሩ ወደ ቅርቡ መቶኛ ይጠጋጋል። ትልቁ ስሕተት ምን ያህል ይሆናል? የመቶኛው ግማሽ፣ ማለትም 0.005 ሚሊሜትር፣ ወይም 5 ማይክሮሜትር። የሰው ጸጉር ውፍረት ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ርዕሱ በአርማው ላይ የወጣው በሴንቲሜትር የሚለካ ርቀት ተጉዞ ነው። እንግዲህ መለኪያው ነፃ ወጣ። ከመጨቃጨቅ በፊት የመጠኑን ደረጃ መገመት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያተርፍ ተማሪዎቼ ከዚህ ቢማሩልኝ ደስ ይለኛል።

በዚሁ አጋጣሚ ከመለኪያ ጋር የተያያዘ አንድ እውነተኛ ወጥመድ ላንሳ። ሦስት ሶፍትዌሮች ሦስቱም «16 በ9» የሚባለውን ሰፊ ስላይድ ይሰጧችኋል፤ ትክክለኛ መጠኑ ግን አንድ አይደለም። የፓወርፖይንት ስላይድ ቁመት 19.05 ሴንቲሜትር፣ የኢምፕሬስ 15.75፣ የጉግል ስላይድስ 14.29 ያህል ነው። ባለ 24 ፖይንት ፊደል 0.85 ሴንቲሜትር ገደማ ይይዛል። ይህ በፓወርፖይንት ከስላይዱ ቁመት 4.4 በመቶ፣ በኢምፕሬስ 5.4 በመቶ ነው። ስላይዱ በስክሪን ላይ ሲዘረጋ ግን ሁለቱም ግድግዳውን እኩል ይሞሉታል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ጽሑፍ ገልብጦ የለጠፈ ሰው «24 ብዬው እንዴት ተለቀ?» ብሎ ይገረማል። ትርጉም ያለው ቁጥር አሃድ የሌለው ምጥጥኑ ነው፤ ፖይንቱ ብቻውን ምንም አይነግረንም። አብነት ስታዘጋጁ የስላይዱን መጠን በሴንቲሜትር ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፦ ፎንት

ዋናው ጥፋተኛ እዚህ ተገኘ። ፋይሉ በአብዛኛው ፎንቱን ይዞ አይጓዝም፤ ስሙን ብቻ ነው የሚይዘው። በተቀባዩ ኮምፒዩተር ላይ በዚያ ስም የተጫነ ፎንት ከሌለ ሶፍትዌሩ ሳይጠይቅ ሌላ ይተካል። የተተካው ፎንት ፊደላት በስፋት ትንሽ ከበለጡ ምን ይሆናል?

በቁጥር እንየው። የጽሑፉ ሳጥን ስፋት 22 ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ አንዱ መስመር ደግሞ 21.6 ሴንቲሜትር ሞልቶ ተቀምጧል። አዲሱ ፎንት በ2 በመቶ ብቻ ቢሰፋ መስመሩ 22.03 ይሆናል። ሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ተረፈ! የመጨረሻው ቃል ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል። በ24 ፖይንት ጽሑፍ አንድ መስመር ከነክፍተቱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይይዛልና፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ይገፋል። ሴንቲሜትሩ ቀደም ብለን ነፃ ካወጣነው ከ5 ማይክሮሜትሩ ስሕተት 2000 እጥፍ ይበልጣል። ዘንበል ባለ ወለል ላይ ያለ ዕቃ ወለሉን ቀስ በቀስ ብታነሡት ለረጅም ጊዜ አይነቃነቅም፤ ከአንድ ማዕዘን በኋላ ግን በድንገት ይንሸራተታል። የመስመር መሰበርም እንዲሁ ገደብ ያለው ክስተት ነው፤ ጥቂት ለውጥ ገደቡን ሲያልፍ ብዙ ያፈርሳል።

በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ይህ ችግር በመጠኑ ተቃሏል። ከ2007 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የኦፊስ ዋና ፎንት ለነበረው ካሊብሪ፣ ካርሊቶ የተባለ ነፃ ፎንት አለ። የፊደላቱ ቅርጽ የተለየ ሲሆን የእያንዳንዱ ፊደል ስፋት ግን ከካሊብሪ ጋር እኩል ተደርጎ የተሠራ ነው። ለኤሪያልና ለታይምስ ደግሞ ሊበሬሽን የተባሉት ፎንቶች ተመሳሳይ ውለታ ይውላሉ። ፎንቱ ቢተካም መስመሩ በነበረበት ይሰበራል ማለት ነው። ካርሊቶ ግን የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ካሊብሪ ራሱም የለውም።

ታዲያ በካሊብሪ ስላይድ ላይ አማርኛ ስንጽፍ የሚታየን ከየት መጣ? አሁን ወደ ዚፑ ጥቅል እንመለስና የ«ቲም»ን ፋይል እንክፈት። ብዙዎቹ የኦፊስ አብነቶች በዚህ ፋይል ውስጥ ለዓለም ጽሕፈቶች የተመደቡ ፎንቶችን ዝርዝር ይይዛሉ፤ ለጃፓን፣ ለዐረብ፣ ለዕብራይስጥ፣ ለታይ ወዘተ። ወረድ ስትሉ «ኢ፣ ቲ፣ ኤች፣ አይ» በሚሉ አራት የላቲን ፊደላት የተመለከተ አንድ መስመር ታገኛላችሁ። አራቱ ፊደላት የግዕዝን ጽሕፈት የሚያመለክቱ ዓለም አቀፍ ኮድ ናቸው፤ አጠገባቸው የተጻፈውም ስም ኒያላ ነው። በመጀመሪያ ያየሁት ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስታ ተሰማኝ። በሰው አገር በተጻፈ ፋይል ውስጥ የእኛ ፊደል የራሱ መስመር አለው።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ በተጨማሪነት የሚጫን እንጂ በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አይደለም፤ ካልተጫነ ኤብሪማ የተባለው ሌላ ፎንት ሊተካው ይችላል። በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ከፋ የተባለ ፎንት አለ። በሊኑክስ ላይ ደግሞ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ልታገኙ ትችላላችሁ። አምስቱም «ሀ»ን በትክክል ያሳያሉ፤ በስፋትና በመስመር ቁመት ግን አይስማሙም። ለምሳሌ ኖቶ ከኒያላ ሰፋ ይላል። በዚህ ምክንያት አማርኛ ያለበት አብነት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቶሎ ይፈርሳል።

ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ አንባቢዎች ከዚህ የባሰውን ያስታውሳሉ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው፤ «ሀ» 4608 የሚለውን ቁጥር አገኘች። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ደርበው ያስቀምጡ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ መስመሩን መሳት ብቻ ሳይሆን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ትርምስ ይሆን ነበር። የድሮ አብነት ከማኅደራችሁ አውጥታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁ በመጀመሪያ ይህንን አረጋግጡ።

የተማሪዬም ነገር ይኸው ነበር። እኔ በኒያላ ሠራሁ፤ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ኒያላ ስላልነበረ የአማርኛው ጽሑፍ ተዛባባት። እርሷም በኮምፒዩተሯ ላይ ያገኘችውን አቢሲኒካን መርጣ እስከ ሳጥኑ ጫፍ አስተካክላ ሞላችው። በአዳራሹ ደግሞ አቢሲኒካ አልነበረም፤ ሰፋ ያለ ሌላ ፎንት ተተካ። ሁለት መስመሮች ወደቁ።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ፦ የደረጃዎች ቁጥር

የርዕሱና የአርማው ግጭት ግን በፎንት ብቻ አይገለጽም። ፓወርፖይንት ሦስት ደረጃ አለው፤ ከላይ ዋናው ስላይድ፣ ከሥሩ የአቀማመጥ ዓይነቶች፣ ከእነርሱ ሥር ተራው ስላይድ። የተለመደው የኦፊስ አብነት አንድ ዋና ስላይድና 11 የአቀማመጥ ዓይነቶች አሉት። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከአያቱ እንደሚወርስ፣ ተራው ስላይድ ያልተነገረውን ነገር ከአቀማመጡ፣ አቀማመጡም ከዋናው ስላይድ ይወርሳል። በኦፕን ዶክዩመንት ውስጥ ግን እኛ እንደፈለግን የምንነድፈው መካከለኛ ደረጃ የለም፤ ዋና ስላይድና ተራ ስላይድ ብቻ። አባት የሌለበት የዘር ሐረግ በሉት።

ሦስቱን ደረጃ በሁለት ለማስገባት ኢምፕሬስ የሚያደርገው፣ ስላይዶቹ የተጠቀሙባቸውን የአቀማመጥ ዓይነቶች እያንዳንዳቸውን ራሱን የቻለ ዋና ስላይድ ማድረግ ነው። ለዓይን ምንም አልተለወጠም። ነገር ግን አርማውን በአንዱ ብታንቀሳቅሱ በሌሎቹ ባለበት ይቀራል፤ የጋራው አያት ጠፍቷልና። ፋይሉ ወደ ፓወርፖይንት ተመልሶ ሲቀመጥም ዋና ስላይዶቹ በዝተው ልታገኟቸው ትችላላችሁ። አንድ ፋይል በሁለት ሶፍትዌሮች መካከል ሦስት አራት ጊዜ እንዲመላለስ ማድረግ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኔ ጥፋት ከዚህም የባሰ ነበር። አብነቱን ስሠራ የርዕሱን ቦታ ለርዕስ በተዘጋጀው «ፕሌስሆልደር» አላስቀመጥኩም፤ ተራ የጽሑፍ ሳጥን ስዬ «ርዕስዎን እዚህ ይጻፉ» አልኩበት። ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። ነገር ግን ፕሌስሆልደሩ ከላይኛው ደረጃ የሚወርስ ልጅ ሲሆን፣ ተራው ሳጥን ከማንም የማይወርስ ባይተዋር ነው። አርማው ከነዋናው ስላይድ ሲንቀሳቀስ ሳጥኑ በነበረበት ቀረ፤ ተጋጩ።

ይህን ጉድለት በሁለት ሴኮንድ የሚያጋልጥ መፈተሻ አለ። በፓወርፖይንትም ሆነ በኢምፕሬስ «አውትላይን» የሚባለውን እይታ ክፈቱ። እዚያ የሚታየው በፕሌስሆልደር ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው። የስላይዶቻችሁ ርዕስ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አብነታችሁ አብነት ሳይሆን ሥዕል ነው። የእኔን ስከፍት ባዶ ነበር።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች

ቀለም በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ በቁጥር ወይም «የቲሙ ሁለተኛ ቀለም» በሚል ስም። በስም የተጻፈው ቲሙ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ሊብሬኦፊስ ቲሞችን በሰነድ ደረጃ መያዝና መመለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ7.6 እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ስሙን ትተው ቁጥሩን ብቻ ያስቀሩ ነበር። የቆየ እትም ካላችሁ አሻሽሉ፤ ገንዘብ አያስከፍልም።

ቀመርን በተመለከተ ለፊዚክስና ለሒሳብ ተማሪዎች አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ፓወርፖይንት በስላይድ ላይ ያለን ቀመር በፋይሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ አንድ ጊዜ በራሱ የቀመር ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቋንቋውን ለማያውቅ ሶፍትዌር እንደ ሥዕል። ቋንቋውን የማያውቀው ሥዕሉን ያሳያል። ስለዚህ ቀመራችሁ ሌላ ቦታ ሄዶ አልታረም ካለ ጠፍቶ ሳይሆን ፎቶው ብቻ ደርሶ ነው። ስላይዳቸውን በላቴክ የሚሠሩ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ሳጥኑን ሲሞላ ፊደሉን በራሱ የሚያሳንሰውን አገልግሎት በአብነት ላይ ባታበሩት ይሻላል። ፓወርፖይንት የማሳነሻውን በመቶኛ ራሱ አስልቶ በፋይሉ ውስጥ ይጽፈዋል፤ ሌላው ሶፍትዌር በራሱ ዘዴ እንደገና ሊያሰላው ይችላልና ሁለቱ ውጤቶች የሚገጥሙበት ዋስትና የለም።

«ታዲያ በፒዲኤፍ ብንልከውስ?» የሚል ይኖራል። ለአቀራረብ ዕለት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ መስመር አይሰብርም። ነገር ግን በፒዲኤፍ የተላከ አብነት የተጋገረ ዳቦ ነው፤ ተቀባዩ የሚፈልገው ሊጡን ነው።

አዲሱ አብነት

ከዚያ ግምገማ በኋላ አብነቱን ከመጀመሪያው ሠራሁት። ኒያላን ትቼ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፈቃድ የሚሰጠውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ መረጥኩ፤ ፎንቱን ከአብነቱ ጋር በአንድ ፎልደር ማከፋፈል ይቻላልና። አቢሲኒካም በዚሁ ዓይነት ፈቃድ የሚገኝ መልከ መልካም ፎንት ነው፤ ነገር ግን ደማቅ ዓይነት የለውም። ደማቅ አድርግ ስትሉት ሶፍትዌሩ ራሱ ፊደሉን ያወፍረዋል፤ «ጨ»ን በዚህ መንገድ ካወፈራችሁ ዓይኗ ይጠፋል።

ርዕስና ይዘት በፕሌስሆልደር ብቻ ተቀመጡ። አርማው በዋናው ስላይድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ገባ። የአቀማመጥ ዓይነቶቹን ከ11 ወደ 4 ቀነስኩ፤ ባነሱ ቁጥር በኢምፕሬስ ውስጥ የሚፈጠሩት ዋና ስላይዶች ያንሳሉ። ሳጥኖቹን ከሚያስፈልገው በ10 በመቶ አሰፋሁ፤ የፎንት ለውጥ ቢመጣ ገደቡ ሩቅ እንዲሆን። ይህ አሥር በመቶ ለውበት አይመችም፤ ባልደረቦቼ «ባዶ ቦታ በዛ» ብለውኛል። አልተቀበልኳቸውም። በሁለት ቅርጽ፣ በፓወርፖይንትና በኦፕን ዶክዩመንት፣ አዘጋጅቼ ተማሪው በቤቱ ባለው እንዲሠራ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ግን እንዳያመላልስ ጻፍኩበት። ከግምገማው በፊት ባለው ቀንም ተማሪዎች በአዳራሹ ኮምፒዩተር ላይ ስላይዳቸውን ለአሥር ደቂቃ የሚሞክሩበት ሰዓት በፕሮግራሙ ውስጥ ገባ።

ከማከፋፈሌ በፊት የፈተሽኩበት ዘዴ ቀላል ነው። አንዱን ፋይል በሁለቱም ሶፍትዌር ከፍቼ በወረቀት አተምኩ፤ ከዚያ ሁለቱን ወረቀቶች ደርቤ በመስኮት ብርሃን ላይ ያዝኳቸው። መስመሩ የማይገጥመው ወዲያው ይታያል። ትልቁ ልዩነት ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሆነ፤ ሠንጠረዥ ካለበት ስላይድ በቀር። እርሱ እስካሁን አልገጠመልኝም፤ ረድፎቹ በኢምፕሬስ ውስጥ ከፍ ይላሉ። ለጊዜው በአብነቱ መመሪያ ላይ «ሠንጠረዥ ከአምስት ረድፍ አይብለጥ» ብዬ ጽፌያለሁ።